«ያምሻል?» ከማለት ባሻገር፦ ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚቀር የነርቭ ሕመም

በዚህ መጽሔት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ሬዲዮ ዝግጅት ወይም ስለ ፕሬስ ነፃነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ሕመም ነው። «ጋዜጠኝነትንና የዳሌ ሕመምን ምን አገናኛቸው?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ያገናኛቸው ጥያቄ ነው። አጠያየቅ ማወቅ ክፍል ውስጥ ነጥብ ብቻ የሚያስገኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ በትክክል ያልተጠየቀ ሰው ስምንት ወር ሙሉ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደገችኝ አያቴ፣ እኔ እማማ ነው የምላት፣ በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ወር የቀኝ ዳሌዋ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ተተካላት። ከዚያ በፊት መገጣጠሚያው ለዓመታት ተበልቶ ስለነበር ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን አጭር መንገድ ሦስት ቦታ እያረፈች ነበር የምትሄደው። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ ተባለ። ቁስሉም በጊዜው ደረቀ። ኤክስሬይ ተነሥታ «ብረቱ ቦታውን ይዟል» ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ ደስ አለው፤ ድፎ ዳቦ ተደፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ ምስጋና ደረሰ።

እማማ ግን ሌሊት አትተኛም ነበር። ከጭኗ ጎን ጀምሮ እስከ እግሯ ጀርባ «ያመኛል» ትላለች። አጎቴ «ዕድሜ ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይየው» ይላል። በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙ «እማማ፣ ያምዎታል?» ሲላት «ትንሽ ትንሽ ያማል፣ ተመስገን ነው» ትለዋለች። እሱም ኤክስሬዩን ያይና «ደህና ነው» ብሎ ይሸኛታል። በውጪ ደግሞ ብዙ ሰው ይጠብቀዋል። እኔም አንድ ሌሊት ስታቃስት ብሰማት «እማማ፣ ኤክስሬዩ እኮ ምንም የለም ብሏል፤ አታካብጂው እንጂ» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ እኔ እያለሁ አቃስታ አታውቅም፤ እኔም የተሻላት መስሎኝ ነበር። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ከአሳይመንት የጀመረ ነገር

ዘንድሮ የቃለ መጠይቅ ኮርስ ስንወስድ መምህራችን ዝግና ክፍት ጥያቄ ስለሚባሉት አስተማሩን። ዝግ ጥያቄ በ«አዎ» ወይም በ«አይደለም» የሚያልቅ ነው። ክፍት ጥያቄ ግን መላሹ በራሱ ቃል እንዲያወራ በር ይከፍትለታል። የቤት ሥራው አንድ አረጋዊ ሰው በክፍት ጥያቄ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ማነጋገር ነበር። ሩቅ ላለመሄድ ስል እማማን መረጥኩ። ስለ ወጣትነቷ ጥቂት ካወራን በኋላ ደብተሬን እንደያዝኩ «እስቲ ስለ እግርሽ ንገሪኝ፤ ሕመሙ ምን ይመስላል?» አልኳት። የመለሰችልኝን እንዳለ ጽፌዋለሁ፦

«የድሮውና ያሁኑ አንድ አይደለም ልጄ። የድሮው ይቆረጥመኝ ነበር፤ ስረግጥ ይመጣል፣ ስቀመጥ ይተወኛል። ያሁኑ ሳማ እንደነካው ሰው ይለበልበኛል። ደግሞ ጋደም ባልኩበት ድንገት ከመቀመጫዬ እስከ እግሬ ጀርባ እንደ ኮረንቲ ይነዝረኛል። ሲለው ይደነዝዛል፤ ጉንዳን ይሄድበታል። ነጠላዬ ሲነካው እንኳ ያመኛል። እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ነው የማድረው።»

«ታዲያ ይኼን ለሐኪሙ ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«መች ጠየቀኝና? ያምዎታል ወይ አለኝ፣ ያማል አልኩት። አንተም አታካብጂው አልከኝ።»

የቤት ሥራውን ከፍተኛ ነጥብ አገኘሁበት። እኔ ግን በነጥቡ አልተደሰትኩም፤ የጻፍኩትን ወረቀት ይዤ ከእማማ ጋር ወደ ሌላ ሐኪም ሄድኩ። ከዚያም ስለ ጉዳዩ ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። የተማርኩትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ነርቩ ምን ሆኖ ነው?

የዘመኑ የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ መሠረቱን የጣለው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በራይቲንግተን ሆስፒታል ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ መገጣጠሚያ በመግጠም ዘዴውን አስፋፋው። ሕክምናው ከዚያ ወዲህ ለሚሊዮኖች መራመድን መልሶላቸዋል። ስለዚህ ጽሑፌ ሰውን ከሕክምናው ለማስፈራራት አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው ከሕመም ነፃ ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሪታንያ ተመራማሪዎች የወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ ዳሌ ከተቀየረላቸው ሰዎች ውስጥ ከመቶ ከ7 እስከ 23 የሚሆኑት ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም አለባቸው። ይህ ቁጥር ማንኛውንም ዓይነት ሕመም የሚጨምር ነው። ሐኪም በግልጽ የሚለየው የትልልቅ ነርቮች ጉዳት ግን በመጀመሪያ ጊዜ ቅየራ ላይ ከመቶ አንድ አካባቢ ነው።

ጉዳቱ ለምን ይመጣል? በሰውነታችን ካሉት ነርቮች ሁሉ ወፍራሙ ሳያቲክ የሚባለው ሲሆን የሚያልፈው ከዳሌ መገጣጠሚያ በስተጀርባ ነው። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሥጋውን ገልጦ የሚይዘው መሣሪያ ሊጫነው ይችላል። እግሩ ቀደም ሲል ካጠረበት ሲረዝም ነርቩም አብሮ ሊለጠጥ ይችላል። የተጠራቀመ ደም ሊያፍነው፣ ቆይቶም ጠባሳ ሊይዘው ይችላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። ቀዶው በፊት ለፊት ከሆነ የጭን ጎን ቆዳን ስሜት የሚወስደው ቀጭን ነርቭ ሊነካና ቆዳው ሊደነዝዝ ይችላል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ዋናው ነገር ኤክስሬይ የሚያሳየው አጥንትና ብረት እንጂ ነርቭን አለመሆኑ ነው። «ኤክስሬዩ ደህና ነው» ማለት «ብረቱ ደህና ነው» ማለት ነው። «ሕመም የለም» ማለት አይደለም። እኔ እማማን ያሳዘንኳት ይህንን ልዩነት ባለማወቄ ነው።

የተጎዳ ነርቭ ተመልሶ ሲያድግ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከዳሌ እስከ እግር ጀርባ 80 ሳንቲ ሜትር ነው ብንል 800 ቀን፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በላይ ሊፈጅ ነው። ሳይቆረጥ የተጫነ ብቻ ከሆነ ፈጥኖ ሊያገግም ይችላል፤ በጣም የተጎዳ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። «ስድስት ወር ሆኗት ገና ታቃስታለች» የሚሉ ዘመዶች ይህን ሂሳብ ቢያውቁት ጥሩ ነው።

የሕመም ቋንቋ

ካነበብኩት ሁሉ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይበልጥ የሚገርመን ይኼኛው ይመስለኛል። ሮናልድ ሜልዛክ የተባለ በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ሕመምን የሚገልጹ 78 ቃላትን በ20 ምድብ ከፍሎ መጠይቅ አዘጋጀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሕመም ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነትም አለው፣ ዓይነቱን የሚያውቀው ደግሞ ታማሚው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች የወጣው ዲ ኤን ፎር የሚባለው መጠይቅ ደግሞ በ10 ጥያቄ ብቻ የነርቭን ሕመም ከሌላው ለመለየት ይረዳል። ያቃጥላል ወይ? የሚያም ቅዝቃዜ አለው? እንደ ኮረንቲ ይነዝራል? ይወርራል? እንደ መርፌ ይጠቀጥቃል? ይደነዝዛል? ያሳክካል? የቀሩት ሦስቱ ሐኪሙ ቆዳውን በመንካት፣ በመርፌ ጫፍና በብሩሽ የሚያያቸው ናቸው። ከ10 አራትና ከዚያ በላይ «አዎ» ከሆነ የነርቭ ሕመም ይጠረጠራል።

እማማ መጠይቁን ሳታውቀው አራቱን በአንድ ትንፋሽ ተናግራዋለች። አማርኛችን በዚህ በኩል ሀብታም ነው፤ ይቆረጥማል፣ ይጠዘጥዛል፣ ይወጋል፣ ይለበልባል፣ ይነዝራል እንላለን። ሁሉንም «ያማል» በሚል አንድ ቃል ስንጠቀልለው ግን ለሐኪሙ የሚጠቅመው ይጠፋል። ለምሳሌ ከተቀመጡበት ሲነሡ በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ብሽሽት ወይም ጭን ውስጥ የሚይዝ ሕመም የብረቱን መላላት ሊጠቁም ይችላል። ሳያቋርጥ የሚጠዘጥዝና ትኩሳት ያለው ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የሚለበልብና የሚነዝር ከሆነ ወደ ነርቭ ያመለክታል፤ እሱም ቢሆን መነሻው ዳሌ ሳይሆን ወገብ ሊሆን ስለሚችል ወገብም መታየት አለበት።

መድኃኒቱና ፍርሃቱ

አዲሱ ሐኪም ወረቀቴን አነበበ። ጣቶቿን ወደ ላይ እንድታነሣ አደረጋት፣ በጥጥ ጫፍ ሁለቱንም እግሯን እያነጻጸረ ነካካ፣ ወገቧንም አየ፤ ደም አስመረመረና ኢንፌክሽን አለመኖሩን አረጋገጠ። ከዚያ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲላት ከቦርሳዋ ዳይክሎፌናክ አወጣች። ለካ በየቀኑ እየገዛች ትውጠው ነበር። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይሠሩም፤ በዚያ ላይ አዘውትረው ሲወሰዱ፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። እማማ ጨጓራዋን የሚያቃጥላት ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባን።

ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን፣ ዱሎክሴቲን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የመሳሰሉት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚታወቁት በድብርት መድኃኒትነት ሲሆን የኋለኞቹ ለሚጥል በሽታም ያገለግላሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለእማማ አሚትሪፕቲሊን ታዞላት ቤት ስንደርስ የፋርማሲ ተማሪዋ የአክስቴ ልጅ «ይኼ እኮ የድብርት ነው» አለቻት። እማማ ተቆጣች፤ «አላበድኩም! የሚያመኝ እግሬ ነው!» ብላ ወረወረችው። ሐኪሙ በስልክ ሲያስረዳት ነው የተረጋጋችው። መድኃኒቱ የሚታዘዘው ሕመሙ የሐሳብ ውጤት ነው ተብሎ አይደለም። ነርቩ ወደ አንጎል የሚልከውን የሕመም መልእክት ስለሚያበርድ ነው፤ መጠኑም ለድብርት ከሚሰጠው ያነሰ ነው።

ጥንቃቄም ይፈልጋል። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሲነሡ ያዞራል። የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ ወይም የሽንት መታጠር ላለበት አይሆንም ወይም ልዩ ክትትል ይጠይቃል። በመሆኑም ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ አይደለም። ውጤቱም ለማየት ሳምንታት ይፈልጋል። በድንገት ማቆምም ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም።

ቤት ውስጥ የረዱን ነገሮች

አንደኛ፣ ማለማመድ። ፊዚዮቴራፒስቷ ባሳየችን መሠረት ጨርቅ የሚያስቆጣውን ቆዳ መጀመሪያ በሐር ሻሽ፣ ቀጥሎ በጥጥ፣ ቆይቶ በፎጣ ለጥቂት ደቂቃ በቀን ብዙ ጊዜ እናሻሸዋለን። ዓላማው ነርቩ «ይኼ ጉዳት አይደለም» ብሎ እንዲለምደው ነው።

ሁለተኛ፣ በልክ መንቀሳቀስ። ቀኑን ሙሉ መተኛት ሕመሙን ያብሰዋል፤ ደህና የሆነ ቀን አገኘሁ ብሎ አንድ ሰዓት መሄድም ማታውን ያስከፍላል። እማማ በከዘራዋ ጠዋትና ማታ አጭር አጭር ትሄዳለች።

ሦስተኛ፣ የደነዘዘን እግር መጠበቅ። የማይሰማ እግር ሲቃጠል አያውቅም። ስለዚህ ከከሰል ምድጃ ማራቅ፣ የሞቀ ውሃ በእጅ መለካት፣ ማታ ማታ እግርን ለቁስል ማየት ያስፈልጋል። ለሌሊት መነሣትም መብራት በቅርብ አድርገንላታል።

አራተኛ፣ አቀማመጥ። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ወራት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍን ይከለክላሉ። የቡና በርጩማችን ደግሞ ዝቅተኛ ነው። ለእማማ ከፍ ያለ ወንበር አቀረብንላት፤ መጀመሪያ «እንግዳ አደረጋችሁኝ» ብላ ነበር፣ አሁን ለምዳዋለች።

አምስተኛ፣ ወጌሻ ይቅር። ሙያውን ለማጣጣል አይደለም። የተተካ ዳሌ ሲጎተትና ሲጠመዘዝ ግን ከቦታው ሊወጣ ይችላል።

የማይጠብቁ ምልክቶችም አሉ። ትኩሳት፣ ከቁስሉ ፈሳሽ መውጣት፣ የባት ማበጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ እግርን ወደ ላይ ማንሣት በድንገት ማቃት፣ ሽንትና ሰገራን አለመቆጣጠር፣ ወይም እግር በድንገት አጥሮ መርገጥ ሲያቅት ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን መሄድ ይገባል።

ማጠቃለያ

የእማማ ሕመም ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። አሁንም ኮረንቲው አልፎ አልፎ ይመጣል። ነገር ግን አብዛኛውን ሌሊት ትተኛለች፤ እግሯንም ብርድ ልብስ ውስጥ ታስገባለች። «ከመድኃኒቱ እኩል የረዳኝ ያቺ ወረቀት ናት» ትላለች። እኔ ግን ወረቀቷ ብዙም አይደለችም ባይ ነኝ፤ ስምንት ወር የዘገየች አንድ ጥያቄ ናት።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ፣ ቤታችሁ የታመመ ሰው ካለ ዛሬ ማታ «ያምሃል? ያምሻል?» ብላችሁ አትለፉ። «ምን ይመስላል? መቼ ይብሳል? ምን ያስታግሰዋል? ምን ከልክሎሃል?» በሉ፤ የሚመልሱትንም በራሳቸው ቃል ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት። ታማሚዎች የሆናችሁም «ተመስገን» ማለቱን ሳትተዉ ቀጥላችሁ ዘርዝሩ። ፈጣሪን ማመስገንና ለሐኪም እውነቱን መንገር አይጣሉም።