የዕለት ሻይን ስለ ማፍላትና ስለ ማጣጣም

ጥያቄ፦ ከሱቅ በርካሽ የምገዛው የሻይ ቅጠል ሳፈላው ይመርራል። ጥፋቱ የቅጠሉ ነው ወይስ የእኔ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፤ ቅጠሉን ከመውቀስዎ በፊት አፈላልዎን ይመርምሩ። በከፋ የውሽውሽ፣ በኢሉባቦርም የጉመሮ እርሻ ከሚያፈራው ቅጠል ብዙው በመኪና ደቅቆ ለገበያ ስለሚቀርብ፣ ቀለሙንና ኃይሉን በቶሎ ለውኃው ያስረክባል፤ እንደ ልማዳችንም ከቅመምና ከስኳር ጋራ በእሳት ላይ ለረዥም ጊዜ ሲንተከተክ፣ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋራ ያርጋል፣ ምላስን የሚያኮማትር ምሬትም ብቻ ይተርፋል።

ስለዚህ ቀረፋውና ቅርንፉዱ፣ እሳትን ይታገሣሉና፣ አስቀድመው ለብቻቸው ይፍሉ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ስለሆነ፣ ካለው ሙቀት አንዳች እንዳይባክን ማፍሊያውን በፈላ ውኃ አሙቀው ውኃውን ይድፉት፤ ከዚያም ለአንድ ብርጭቆ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቅጠል ጨምረው፣ የፈላውን የቅመም ውኃ አፍስሰውበት፣ ከድነው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያቆዩትና ያጥልሉት።

ስኳር ሳይገባበት በማንኪያ ጥቂት ቀድተው ከአየር ጋራ በኃይል ወደ አፍዎ ይሳቡት፤ ይህ በማዕድ ፊት ነውር ቢሆንም የሻይ ቀማሾች ሁሉ ሥርዓት ነው፣ መዓዛው ወደ አፍንጫ የሚወጣው በዚህ ነውና። ከርካሽ ቅጠል ረቂቅ መዓዛን አልጠብቅም፤ ብሩህ ቅላትንና ጽኑ ጣዕምን ግን አጥብቄ እሻለሁ። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ሻዩ ቢደበዝዝ፣ ቅጠሉ አርጅቷል ወይም እርጥበት አግኝቶታል፤ አዲሱን በቆርቆሮ ከድነው፣ ሽታ ፈጥኖ ይጋባበታልና፣ ከበርበሬ አርቀው ያኑሩት።