ለብረት በያጆች የሚሆን የፊት መከለያና የጥቁር መስታወት ቁጥር አመራረጥ

የገበሬ ሥራ ከብረት ተለይቶ አያውቅም። ማረሻው፣ ማጭዱና መጥረቢያው ከባለእጅ መዶሻ ሥር የሚወጡ ናቸው። ዛሬ ደግሞ የእህል ወፍጮው፣ የመውቂያው መኪና፣ ጋሪውና የመጋዘኑ በር በኤሌክትሪክ እሳት እየተበየዱ ይሠራሉ፤ ሲሰበሩም በዚያው እሳት ይጠገናሉ። ይህን ሥራ ለመመልከት የሚወድ ሰው በአዲስ አበባ ደቡብ በኩል ወዳለው ወደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ቢሄድ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ መንገድ ዳር ብረት የሚበይዱ ብዙ ወጣቶችን ያገኛል። ከእነርሱም መካከል በፀሐይ መነጽር ብቻ የሚሠሩ አይጠፉም። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው የየወረዳው ሹሞችና ሥራ ቤት የሚያከራዩ ባለንብረቶች ለእነዚህ ሠራተኞች ትክክለኛውን መከለያ መርጠው ለማስገዛት እንዲችሉ ነው።

የዚህ ክፍለ ከተማ ስም ለነገሩ ምሳሌ ይሆናል። ንፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ፣ ዓይን የማያየው ስልክ ማለት ነው። ከበያጁም እሳት እንዲሁ ዓይን የማያየው ነገር ይወጣል። በያጁ የሚፈራው የሚያየውን ነጭ ብርሃን ነው፤ ከዚያ ብርሃን ጋር ግን ሁለት የማይታዩ ጨረሮች አብረው ይመጣሉ። አንደኛው አልትራቫዮሌት ይባላል፤ የዓይንን የፊት ገጽ እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ያቃጥላል። ሁለተኛው ኢንፍራሬድ ይባላል፤ የሙቀት ጨረር ስለሆነ በዘመን ብዛት የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። የሚታየውም ብርሃን እጅግ ሲበረታ የዓይንን የውስጥ መጋረጃ ይጎዳል።

ይህ ጉዳይ በሌላው ዓለም ከተመረመረ ቈይቷል። እንግሊዛዊው ሊቅ ሰር ዊልያም ክሩክስ በ1913 እ.ኤ.አ. የመስታወት አቅላጮችን ዓይን ከሞራ ለመጠበቅ ልዩ ልዩ መስታወቶችን ፈትኖ ውጤቱን አስታውቋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል።

እንግዲህ መጀመሪያ መታረም ያለበት አሳብ፣ መስታወት ከጠቈረ ይበቃል የሚለው ነው። ተራ ጥቁር የፀሐይ መነጽር ከሚመጣበት ብርሃን ከመቶው ከ8 እስከ 18 እጅ ያሳልፋል። 10 ቁጥር የብየዳ መስታወት ግን ከ7,000 እጅ አንዱን እጅ ግድም ብቻ ያሳልፋል። ስለዚህ የፀሐይ መነጽር ከዚህ መስታወት ከ500 እጥፍ የሚበልጥ ብርሃን ወደ ዓይን ያስገባል ማለት ነው። ሁለት መነጽር ቢደራረብ እንኳ በአጨላለሙ 5 ቁጥር ግድም ቢደርስ ነው፤ እርሱም ለኤሌክትሪክ ብየዳ አይበቃም። ከዚህም በላይ መነጽሩ በጎን ክፍት ስለሆነ ጨረሩ በዚያ ይገባል፤ ጉንጭና አንገትም ይቃጠላል።

የመስታወቱ ቁጥር የጨለማው ልክ ነው። ቁጥሩ በአንድ ከፍ ባለ ጊዜ የሚያልፈው ብርሃን ከፊተኛው ከመቶው ወደ 37 እጅ ይወርዳል። ስለሆነም በ9ና በ10 ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። ቁጥሩ የሚመረጠው እንደ ሥራው ዓይነትና እንደ ኤሌክትሪኩ ኀይል ሲሆን፣ ኀይሉም በአምፔር ይለካል። በአገር ውስጥ በተሠራ ትራንስፎርመር ላይ አምፔሩ ያልተጻፈ እንደሆነ በኤሌክትሮዱ ውፍረት መገመት ይቻላል። ልኩም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ በ2.5 ወይም በ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 160 አምፔር ለሚበይድ 10 ቁጥር የተመከረ ነው፤ ከ8 ቁጥር በታች ፈጽሞ አይፈቀድም።

2ኛ፤ በ4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በሚወፍር ኤሌክትሮድ ከ160 እስከ 250 አምፔር ለሚበይድ 12 ቁጥር ይመከራል፤ ከ10 በታች አይሆንም።

3ኛ፤ ጋዝ እየተነፋበት ከጥቅል በሚወጣ ሽቦ ከ60 እስከ 160 አምፔር ለሚበይድ 11 ቁጥር ይመከራል፤ ከ10 በታች አይሆንም።

4ኛ፤ በኦክስጅንና በአሴቲሊን ጋዝ ከ3 ሚሊ ሜትር የሚቀጥን ብረት ለሚበይድ 4 ወይም 5 ቁጥር፣ እስከ 12 ሚሊ ሜትር ለሚወፍር 5 ወይም 6 ቁጥር ይሆናል። የጋዝ መነጽር ለኤሌክትሪክ ብየዳ አይውልም።

ሠራተኛው አስቀድሞ በጠቈረው ይጀምር፤ የሚቀልጠውን ብረት ማየት ቢያቅተው አንድ አንድ ቁጥር እየቀነሰ፣ ከተወሰነው ዝቅተኛ ቁጥር ሳያልፍ፣ ሥራው በደንብ የሚታይበትን ይያዝ። እጅግ የጠቈረ መስታወትም ጕዳት አለው፤ በያጁ ብረቱን ለማየት ሲል አንገቱን አስግጎ ወደ እሳቱ ይቀርባል፣ ወይም መከለያውን ገልጦ ይጀምራልና።

መከለያው ሦስት ዓይነት ነው። በእጅ የሚያዘው ጋሻ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ እጅ ይይዛል፣ ስለዚህ ለአጭር ሥራ ብቻ ይሆናል። በራስ ላይ የሚጠለቀው ማስክ ሁለቱን እጅ ነጻ ያወጣል፤ ችግሩ በያጁ ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ የሚታየው ጨለማ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስተኛው በራሱ የሚጨልመው ነው፤ እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በ3 ወይም በ4 ቁጥር ልክ ብሩህ ሆኖ ይቈያል፣ እሳቱ ሲነሣ ግን ከዓይን ጥቅሻ እጅግ በፈጠነ ጊዜ ይጨልማል። በላዩ 4/9-13 የሚል ቢጻፍ፣ ሲበራ 4፣ ሲጨልም ከ9 እስከ 13 ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። በደንብ የተሠራ ከሆነ የማይታዩትን ጨረሮች ባይጨልምም እንኳ ያግዳል። ለለማጅ ይህ ዓይነት ይስማማል፤ መከለያውን እየገለጠ ከመጀመር ያድነዋልና።

የሚገዛ ሰው ቀጥሎ ያለውን ይመርምር። በመስታወቱ ላይ ቁጥሩ፣ የሠሪው ምልክትና ኢ.ኤን. 169 የሚለው የልክ ስም ተጽፎ ይገኝ፤ በራሱ ለሚጨልመው ኢ.ኤን. 379 ነው፤ በአዲሶቹ ላይ አይ.ኤስ.ኦ. 16321፣ በአሜሪካኖቹ አንሲ ዜድ 87.1 ይጻፋል። ምንም ያልተጻፈበት ጥቁር መስታወት የማይታየውን ጨረር ማገዱ ስለማይታወቅ አይገዛ። መከለያው ከግንባር እስከ አንገት፣ በጎንም እስከ ጆሮ ይሸፍን። በጥቁሩ መስታወት ፊት ፍንጣሪ የሚከላከል ነጭ መስታወት ይኑረው፤ እርሱ በጠቃጠቈ ጊዜ ይለወጥ። ጥቁሩ መስታወት የተሰነጠቀ እንደሆነ ግን በዚያው ቀን ይጣል። በመከለያው ውስጥም ነጭ የመከላከያ መነጽር ይደረግ፤ በብየዳው ላይ የረጋውን ቅርፊት በመዶሻ ሲያራግፉ ስብርባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራልና።

ብረት ይዞ የሚያግዘው ረዳት ፊቱን ማዞሩ ብቻ አያድነውም፤ ጨረሩ ከነጭ ግድግዳና ከቆርቆሮ ተመልሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ለረዳቱም መከለያ ይገዛለት። በመንገድ ዳር ሲበየድ እሳት በማይዘው ሸራ ይጋረድ፤ ተማሪዎችና መንገደኞች ቆመው እንዳይመለከቱ።

ጨረሩ ያገኘው ሰው ወዲያው አያመውም። ከ4 እስከ 12 ሰዓት ያህል ከቈየ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ አሸዋ የገባበት ይመስለዋል፤ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይጠላል። ይህ በብዙው በ1 ወይም በ2 ቀን ይሽራል። በዚህ ጊዜ አይታሸው፤ ወተትም ሆነ ሌላ ነገር አያንጠባጥብበት፤ በጨለማ ክፍል ይረፍ፣ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይጣልበት። የሚያደነዝዝ ጠብታ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤት መጠቀም ቁስሉን ያዘገያልና አይገባም። ሕመሙ በ1 ቀን ያልቀለለለት፣ ማየት የደከመበት ወይም ብረት የገባበት ሰው ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በአዲስ አበባ የምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል ይገኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ዛሬም ዓይኔን አመመኝ ማለትን እንደ ስንፍና የሚቈጥሩ ወጣቶች እንዲናገሩ ማበረታታት ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 92 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያዛል። ራሱን ችሎ ለሚሠራ በያጅ ግን ይህን የሚያደርግለት አሠሪ የለውም። ስለዚህ የወረዳው ሹም ለማኅበር የሥራ ቦታ ሲሰጥ፣ ባለንብረትም ሱቁን ለበያጅ ሲያከራይ፣ መሥሪያ ቤትም የበርና የመስኮት ሥራ ሲያዝ፣ በውሉ ላይ ለያንዳንዱ በያጅና ረዳት ቁጥሩ የታወቀ መከለያ፣ ለሥራ ቤቱም መጋረጃ እንዲኖር አንድ ቃል ይጨምር። ሥራውን ለመቈጣጠር በሄደም ጊዜ አስቀድሞ መስታወቱን ተቀብሎ ቁጥሩን ያንብብ።