ሥጋ የሚያርፍበት ስፍራ

እኅቴ ከዱባይ ገንዘብ ላከችና «እማዬን ከዚያ መደብ አውርድልኝ፤ ጥሩ ፍራሽ ግዛላት» አለችኝ። ሱቅ ሄጄ ተደርድረው የቆሙትን ፍራሾች አንድ በአንድ በመዳፌ እየተጫንኩ አየሁና እጄ ከሁሉ የሰመጠበትን መረጥኩ። የለሰለሰ ሁሉ የተሻለ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብረ ብርሃን ልጠይቃት ስሄድ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ እርሷ ወለሉ ላይ ሰሌን ዘርግታ፣ አጎዛ ደርባ ጋደም ብላለች። ጾመ ነቢያት ስለነበር ለተጋድሎ የወረደች መሰለኝና ደስ አለኝ። «አይደለም ልጄ» አለችኝ፤ «ይውጠኛል። ሌሊት ለመገላበጥ አቅም አጣለሁ፤ ጠዋት ወገቤን ይዤ ነው የምነሣው።»

እኔ ጉባኤ ላይ ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ። የእናቴን የወገብ ሕመም ተጋድሎ ብዬ መቁጠሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ይህን ትምህርትም የምጀምረው ከዚያው ስሕተቴ ነው። ምእመናን ሁለት ነገር ይጠይቁኛል፦ ለመኝታ ምቾት ማሰብ ለክርስቲያን ይገባል ወይ? የሚገባ ከሆነስ ስፖንጅ ይሻላል ስፕሪንግ? የመጀመሪያውን በደንብ ያልተረዳ ሰው ሁለተኛውን ሲመልስ ይስታል። ወይ በሥጋው ላይ ይጨክናል፣ ወይ ለዓይን የሚያምረውን ብቻ ገዝቶ ይመለሳል።

ወንጌላዊው ማርቆስ ጌታ በታንኳ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ማዕበል እንደተነሣ ሲጽፍ፣ ማቴዎስና ሉቃስ ያልጠቀሷትን አንዲት ነገር ጨምሯል፤ ትራስ ተንተርሶ እንደነበር። የተኛውም ነፋሱን የገሠጸውም አንዱ ክርስቶስ ነው። የተዋሐደው ሥጋ እውነተኛ ሥጋ ስለሆነ ደከመው፣ አንቀላፋም። እንቅልፍ የስንፍና ሌላ ስሙ ቢሆን ኖሮ በእርሱ ዘንድ ባልተገኘም ነበር። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ሞቱን በለመነ ጊዜም መልአኩ ተግሣጽ ይዞ አልመጣም፤ እንጎቻና ውኃ ይዞ መጣ። ነቢዩ በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ሁለተኛ እስኪቀሰቅሰው ድረስ ተወው። የአርባ ቀኑን መንገድ የሄደው ከዚያ እንቅልፍ ተነሥቶ ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱን «ንዋም» ብላ ለመኝታ ሰጥታለች። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣው መንፈቀ ሌሊት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ልብ በሉልኝ። ወገቡን ሲያመው፣ ሲገላበጥ ያመሸ ሰው ለመንፈቀ ሌሊት ጸሎት አይነሣም፤ ቢነሣም ቆሞ ያንጎላጃል።

«ታዲያ ነቢዩ አሞጽ በዝሆን ጥርስ አልጋ ላይ የተኙትን አልነቀፈም ወይ?» የሚለኝ አለ። ነቅፏል። ግን ጥቂት ቁጥሮች ዝቅ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የተነቀፉት የዮሴፍ መከራ ሳይገዳቸው በመዝናናታቸው ነው። ደጃፉ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚያድረውን ድሃ እንዳላየ አልፎ ከጥሩ ፍራሹ ላይ የሚወጣ ሰው ያ ተግሣጽ ይመለከተዋል። እናቱን ከወገብ ሕመም ለማሳረፍ ፍራሽ የሚገዛን ሰው አይመለከተውም። መነኮሳት በቁርበት ላይ፣ በመሬት ላይ የሚያድሩትም ፈቅደው፣ በአባት ምክር ነው። ተጋድሎ ከፈቃድ የሚወጣ ነውና በሌላ ሰው ወገብ ላይ የሚጫን ተጋድሎ የለም።

አሁን ወደ ፍራሹ እንምጣ።

የጀርባ አጥንታችን ከጎን ሲታይ እንደ በትር ቀጥ ያለ አይደለም። አንገት ላይ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ ይጎብጣል፣ ወገብ ላይ እንደገና ይሰረጉዳል። ቀን ይህን ቅርጽ ጠብቀው የሚያቆሙት ጡንቻዎች ናቸው። ሌሊት ጡንቻ ሲላላ ሥራው ለፍራሹ ይተላለፋል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ለስላሳ ዲስኮችም ቀን በክብደት ተጨምቆ የወጣውን ውኃ መልሰው የሚመጥጡት ሌሊት ነው፤ ሰው ጠዋት ከማታው በጥቂቱ የሚረዝመው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጥሩ ፍራሽ የሚባለው ትከሻና ዳሌ ከበድ ስለሚሉ እነርሱን በመጠኑ አስገብቶ፣ ወገብን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ነው። በጣም ሲለሰልስ ዳሌ ይሰምጥና ወገብ እንደ ጠፍር አልጋ መሃል ይረግባል። በጣም ሲጠነክር ደግሞ ትከሻና ዳሌ ብቻ ሸክሙን ይቀበላሉ፣ ወገብ በአየር ላይ ይቀራል፣ በጎኑ የሚተኛ ሰው ክንዱ ይደነዝዛል።

«ለወገብ ጠንካራ ፍራሽ ነው» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተነዋል። ፍራንሲስኮ ኮቫክስ የተባለ ስፔናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ፈትኖታል። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ያለባቸውን 313 ሰዎች ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ ጠንካራ፣ ለግማሾቹ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ ሰጡና 90 ቀን ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ በመካከለኛው ላይ የተኙት ሕመማቸው ይበልጥ ቀልሎ ተገኘ። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ከስፖንጅና ከስፕሪንግ አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ጥንካሬውን ነው። ሁለቱም ዓይነት ለስላሳም ጠንካራም ሆኖ ይሠራልና።

ስፖንጅ የምንለው ፖሊዩሪቴን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ያገኙት ነገር ነው። ነጋዴው «ዴንሲቲው 25 ነው፣ 30 ነው» ሲላችሁ አንድ ሜትር ኩብ የሚሆነው ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን መናገሩ ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የጥንካሬ ቁጥር ያደርገዋል፤ አይደለም። ቁጥሩ የሚናገረው በውስጡ ምን ያህል ቁስ እንዳለ፣ ማለትም ሳይሰረጉድ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ ነው። ለስላሳ ሆኖ ዴንሲቲው ከፍ ያለ ስፖንጅ አለ፤ ዛሬ ጠንክሮ በስድስት ወር የሚተኛ፣ ዴንሲቲው ዝቅተኛ የሆነም አለ።

ይህን ቁጥር ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የእናቴን ፍራሽ ከሰፈሯ እህል መሸጫ ወስጄ በጆንያ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ወርዱ 90፣ ቁመቱ 190፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በሜትር አድርጋችሁ ስታባዙት 0.342 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሚዛኑ 6 ኪሎ አለ። ስድስትን ለ0.342 ስናካፍል 17 ተኩል መጣ፤ ያውም ከነጨርቁ። ሲሸጥልኝ 30 ተብሎ ነበር፤ 30 ቢሆን ኖሮ ከ10 ኪሎ በላይ በመዘነ። በእኔ ፍርድ አዋቂ ሰው በየሌሊቱ ለሚተኛበት ፍራሽ ከ25 መውረድ አይገባም፣ ከበድ ላለ ሰው ደግሞ ከ30 ወዲያ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ክብደት እንዲጨምር የኖራ ድንጋይ ዱቄት የሚቀላቀልበት ስፖንጅ አለ፤ ከቁርጥራጭ ተጨምቆ የሚሠራም አለ፤ እርሱ ከባድና ጠጣር ነው። ዚፑን አስከፍታችሁ ተመልከቱ። ዥንጉርጉር ከሆነ ቁርጥራጭ ነው። ለሥር ንጣፍ ያገለግላል፤ ብቻውን ግን ይቆረቁራል።

ሜሞሪ ፎም የሚባለው የስፖንጅ ዘመድ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ ለአውሮፕላን ወንበር የተሠራ ነው። በሰውነት ሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይጠነክራል። ደብረ ብርሃን በጥቅምት ሌሊት የተኛበት ሰው መጀመሪያ ጣውላ ላይ የወጣ ይመስለዋል፤ ሲሞቅ ነው የሚታዘዘው።

ስፕሪንግ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ሞላዎቹ ሁሉ እርስ በርስ በሽቦ የተያያዙበት ነው፤ ርካሹ ይህ ነው፣ አንዱ ሲጫን ጎረቤቱም አብሮ ይወርዳል። ሁለተኛው እያንዳንዱ ሞላ በየራሱ የጨርቅ ከረጢት የተሰፋበት ነው፤ እዚያ ላይ እያንዳንዱ ሞላ የሚመልሰው ከላዩ ላለው ክብደት ብቻ ነው። ልዩነቱ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ ይታወቃል። ባል ለማኅሌት በሌሊት ሲነሣ በተያያዘው ሞላ ላይ አልጋው ሁሉ ይናወጣል፣ ሚስትም ሕፃኑም ይነቃሉ። በከረጢቱ ሞላ ወይም በጥሩ ስፖንጅ ላይ ግን ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ የሚሰማው የለም። ስፕሪንግ የምትገዙ ከሆነ ከሞላው በላይ ያለውን የስፖንጅ ንጣፍ ውፍረት ጠይቁ። ያ ሲሳሳ ሞላው ጎድን ይወጋል፤ ሞላ አንዴ ከተሰበረ ደግሞ የሚጠግነው አታገኙም።

የስፕሪንግ ትልቁ ጸጋው አየር ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ላብና ሙቀት ይወጣበታል። ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ ጋምቤላ ለሚኖር ሰው ያለ ማመንታት የምመክረው እርሱን ነው። ጠርዙም ጠንከር ስለሚል አልጋ ጫፍ ተቀምጦ ለሚነሣ አዛውንት ይመቻል። ስፖንጅ ሙቀት ይይዛል፤ ይህ በቆላ በደል ሲሆን በደጋ ቸርነት ነው። ክብደቱ ትንሽ የሆነ ሰውም ሞላውን በቅጡ ስለማይጫነው ብዙ ጊዜ በስፖንጅ ላይ ይደላዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ጫማችሁን አውልቁና ተኙበት። ማፈር አያስፈልግም፤ ለዓመታት የምትተኙበት ነው። በጀርባችሁ ሆናችሁ መዳፋችሁን ከወገባችሁ ሥር አስገቡ። በሰፊው ካለፈ ጠንክሮባችኋል፤ ከገባም በኋላ ለማውጣት ከታገላችሁ ለስልሶባችኋል። በጎናችሁ ስትተኙ አብሯችሁ የመጣ ሰው ከኋላ ይያችሁ፤ ከአንገት እስከ ዳሌ ያለው መሥመር ቀጥ ያለ መሆን አለበት። የሚፈትነውም የሚተኛበት ሰው ይሁን። እኔ የእናቴን ፍራሽ በእኔ መዳፍ መፈተኔ ነበር የመጀመሪያው ጥፋቴ።

ቤት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ብዙዎቻችን እንዳይቆሽሽ ብለን ፕላስቲኩን ሳንልጥ እንተኛበታለን። ላቡ መውጫ ያጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይንኮሻኮሻል። ልጡት፤ ለንጽሕናው የሚታጠብ የጨርቅ ልባስ አልብሱት። መሃሉ የረገበ የሽቦ አልጋ ላይ የተነጠፈ ስፖንጅ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን የሽቦውን ቅርጽ ይይዛልና ሥሩ ጣውላ ወይም ቀረብ ቀረብ ያለ ርብራብ ይሁን። በኪራይ ቤት ሲሚንቶ ላይ የምታነጥፉ፣ የሰውነት እርጥበት ወርዶ ከቀዝቃዛው ወለል ሲደርስ ውኃ ይሆናል፤ በሳምንታት ውስጥ ከሥር ሻጋታ ይጠቁራል። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ላይ አቁሙት።

በሁለት ነገር ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ስፖንጅ እሳት ሲነካው በፍጥነት ይቀጣጠላል፣ ጢሱም መርዝ ነው። አልጋ አጠገብ ጧፍ አብርቶ ጸሎት እያደረሱ ማንቀላፋት ነፍስ ያስከፍላል። ጧፉን ከመኝታው አርቃችሁ፣ በማይገለበጥ ነገር ላይ አቁሙት፤ ከመጋደማችሁ በፊትም አጥፉት። ሁለተኛ፣ ሕፃን የሚተኛበት ጠፍጣፋና የማይሰምጥ መሆን አለበት፤ ሕፃኑም በጀርባው ይተኛ፣ ትራስ አይደረግለት። ለአዋቂ የሚደላ ለስላሳ ፍራሽ አንገቱን ማቅናት ለማይችል ጨቅላ አፉንና አፍንጫውን የሚያፍን ወጥመድ ነው።

ለእናቴ በመጨረሻ የገዛሁት መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ስፖንጅ ነው። አገሩ ብርድ ነው፣ ሰውነቷ ቀላል ነው፣ ብቻዋን ነው የምትተኛው፤ ስፕሪንግ አላስፈለጋትም። ይዣት ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በጎኗ ጋደም አለች፤ ወዲያ ዞረች፣ ወዲህ ዞረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ቆየች፤ «ይኼ ይሸከመኛል» አለች። እዚያው በሱቁ ሚዛን አስመዘንኩት፤ ከ10 ኪሎ አለፈ።

ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ሰሌኗን ከግድግዳው አውርዳ እንደ ልማዷ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት ገብተው አዩትና ስለ ወገቧ ጠየቋት። ከዚያም ስግደቷን በመቀመጫዋ ሆና በራሷ ዝቅ በማለት እንድታደርስ፣ አዳሯ ግን በአልጋዋ ላይ እንዲሆን አዘዟት። እናቴም ሰሌኗን ጠቅልላ ወደ ቦታው መለሰችው። በዚያ ዓመት ለትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ከቤት የወጣችው ማንም ሳይደግፋት ነው።