ስለ ዱር እንጉዳይ፤ ለቀማውም በማኅበር ሊሆን ስለሚገባው

በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ሲበረክት በመቐለ ዙሪያ ያለው ምድር መልኩን ይለውጣል። በበጋ ነጭ ድንጋይና የደረቀ ሣር ብቻ ይታይበት የነበረው የእንዳየሱስ ኮረብታ ይለመልማል፤ ዝናም በጣለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ከብት ከሚሰማራበት መስክ፥ ከአጥር ሥርና ከባሕር ዛፍ ጥላ በታች ልዩ ልዩ እንጉዳይ ብቅ ብሎ ይገኛል። ባማርኛ እንጉዳይ ወይም የጅብ ጥላ የምንለው ይህ ፍጥረት በትግርኛ ቃንጥሻ ይባላል። አስቀድመው የሚያገኙትም ሊቃውንት ሳይሆኑ ልጆች ናቸው፤ በነዚህ ወራት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከብት ሲጠብቁና በየሜዳው ሲጫወቱ ይውላሉና። ስለዚህ ስለ እንጉዳይ የሚሰጠው ትምህርት መስከረምን ቢጠብቅ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል፤ መምህራን በሰኔ፥ ከፈተናው በኋላ ባሉት ቀኖች፥ አንድ ሰዓት ቢሰጡት የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። ይህንንም ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚሁ እንዲረዳ ነው።

እንጉዳይ እንደ ሣርና እንደ ዛፍ ከፀሓይ ብርሃን ምግቡን የሚያዘጋጅ ተክል አይደለም። ዋናው አካሉ በመሬት፥ በፍግ ወይም በበሰበሰ እንጨት ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ የሚኖር ቀጭን ክር ነው፤ እኛ የምናየው ጥላ የመሰለው ነገር ፍሬው ነው። ክሩ ወራቱን ተደብቆ ይቆይና እርጥበት ሲያገኝ ፍሬውን በጥቂት ቀን፥ አንዳንዱም ባንድ ሌሊት ያወጣል፤ በብዙ አገር መብረቅ ያበቅለዋል ሲባል የኖረው ስለዚህ ድንገተኛነቱ ሳይሆን አይቀርም። ዘሩ ከጥላው በታች ካሉት ሽንሽኖች የሚረግፍ፥ ከዱቄት የላመ ብናኝ ነው። ይህን ብናኝ አንባቢ ያስታውሰው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ምግብነቱ ብዙ ይጋነናል። በጾም ወራት ሥጋን ይተካል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ከ100 ግራም ርጥብ እንጉዳይ ውስጥ 90 ግራም ያህሉ ውሃ ነው፤ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ከ2 እስከ 3 ግራም ብቻ ይሆናል። በ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ግን 25 ግራም ያህል ይገኛል። ጣዕሙ መልካም መሆኑን አንክድም፤ ይሁን እንጂ ምስርና ሽሮ ባለበት ቤት ያልታወቀ የዱር እንጉዳይ ሕይወትን የሚያስደፍር ምግብ አይደለም። ጣዕሙን የወደደ ሰው በአገራችን በገለባ ላይ እየተዘራ የሚመረተውን ገዝቶ ሊበላ ይችላል። በችግር ጊዜ ግን ሰው ያገኘውን ይበላል፤ ያን ጊዜ ለመማር ፋታ ስለማይገኝ ትምህርቱ አስቀድሞ መሰጠት አለበት።

መርዛሙን ከደኅናው ለመለየት በየአገሩ የሚነገሩ ምልክቶች አሉ። የብር ማንኪያ ወይም የብር ቀለበት ከወጡ ቢጨመር በመርዝ ይጠቁራል ይባላል፤ ነጭ ሽንኩርት አብሮ ቢቀቀል መልኩን ይለውጣል ይባላል፤ ትል የበላው፥ ፍየል የቀመሰው አይጎዳም ይባላል፤ የጥላው ቆዳ በቀላሉ ከተላጠ ደኅና ነው ይባላል፤ ተቀቅሎ ውሃው ቢደፋ ወይም በፀሓይ ቢሰጣ መርዙ ይጠፋል ይባላል። ከነዚህ ሁሉ ሰው ሊተማመንበት የሚገባ አንድም የለም። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ያለበት ነገር ነው፤ ስለዚህ ማንም የማይፈራው እንቁላል ያጠቁረዋል፥ ገዳዩ እንጉዳይ ግን ላያጠቁረው ይችላል። ትልና ቀንድ አውጣ ሰውን የሚገድለውን በልተው በሰላም ይኖራሉ። ጣዕሙም ቢሆን አያስጠነቅቅም፤ ከሞት የተረፉ ሰዎች የበሉት እንጉዳይ ጣፋጭ እንደ ነበረ ተናግረዋል።

ስለ መቀቀሉ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፥ ወተት አፍልታችሁ ስጡ እያለ ለሚመክር የጤና ጽሑፍ፥ ማፍላት አይጠቅምም ብሎ መጻፍ እንግዳ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በውሃ ውስጥ ያሉት ተሐዋስያን ሕይወት ያላቸው ስለሆኑ በሙቀት ይሞታሉ፤ የእንጉዳይ መርዝ ግን ሕይወት የለውምና የሚሞት ነገር የለበትም። ከሁሉ የከፋው መርዝ በመፍላትም፥ በመጥበስም፥ በመድረቅም ኃይሉ አይጎድልም።

በ1767 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) በፓሪስ ከተማ ዮሐን ሾበርት የሚባል ስመ ጥር ሙዚቀኛ ነበረ። ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ከተማው ዳርቻ ወጥቶ እንጉዳይ ከለቀመ በኋላ፥ በዚያው ሰፈር ለሚገኝ ምግብ ሠሪ ሰጥቶ እንዲያዘጋጅለት ቢጠይቀው፥ ሰውየው መርዝ ነው ብሎ እምቢ አለው። ወደ ሌላ ምግብ ቤት ወስዶ ሲያሳይም የተሰጠው መልስ ያው ሆነ። አብሮት የነበረው ሐኪም ወዳጁ ግን ደኅና ነው ስላለው፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ በሾርባ አሠራው። ሾበርት፥ ሚስቱ፥ ከአንዱ በቀር ልጆቹና ያው ሐኪም ሞቱ ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱ ምግብ ሠሪዎች የአገራቸውን እንጉዳይ ያውቁ ነበር፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ሌላ ነገር ነበር። ይህን ታሪክ የመረጥነው ጽሑፋችንን የሚያነቡት የተማሩ ሰዎች ስለሆኑ ነው።

ብዙ ሰው የገደለው እንጉዳይ ሊቃውንት አማኒታ ፋሎይዴስ ይሉታል። ጥላው አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት፥ አንዳንድ ጊዜም ነጭ ነው፤ ሽንሽኖቹ ነጭ ናቸው፤ በግንዱ ላይ እንደ ቀለበት ያለ ስስ ቆዳ ይንጠለጠላል፤ የግንዱም ሥር ከአፈር በታች በጽዋ መሰል ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። በመስክ የሚበቅለውና በብዙ አገር የሚበላው ነጭ እንጉዳይ ግን ሽንሽኖቹ መጀመሪያ ሐምራዊ፥ ቆይተው ጥቁር ቡናማ ይሆናሉ፤ ከሥሩም ጽዋ የለውም። ሁለቱም ገና ሳይከፈቱ እንደ እንቁላል ሲሆኑ በውጭ አይለዩም። ከግንዱ ላይ ቀጥፎ የሚመለስ ሰውም ዋናውን ምልክት በመሬት ውስጥ ትቶት ይመጣል።

የዚህ መርዝ ክፋቱ መዘግየቱ ነው። አንድ ቤተ ሰብ ማታ በ1 ሰዓት በልቶ በሰላም ይተኛል። ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ፥ ብርቱ ትውከትና እንደ ኮሌራ ያለ ተቅማጥ ይጀምራል፤ ይህም ቢያንስ 6 ሰዓት ከተበላ በኋላ መሆኑ ነው። መርዙ ያን ጊዜ ወደ ደም ገብቷል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ተቅማጡ ጋብ ይልና በሽተኛው ዳነ ይባላል፤ ጎረቤትም እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመለሳል። ጉበቱ ግን በዚያው ሰዓት እየጠፋ ነው፤ በሦስተኛውና በስድስተኛው ቀን መካከል ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፥ አእምሮውን ይስታል። 50 ግራም ያህል የሚመዝን አንድ እንጉዳይ ጐልማሳን ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃን ከዚያ ያነሰ ይበቃል።

የዚህ እንጉዳይ አገሩ ኤውሮፓ ነው። ከአንዳንድ ዛፎች፥ ይልቁንም ኦክ ከሚባለው ዛፍ ሥር ጋር ተሳስሮ ስለሚኖር፥ ችግኝ ከነአፈሩ ሲጓጓዝ አብሮ ተጉዞ ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ወደ አውስትራልያና ወደ አሜሪካ ገብቷል። እዚህ ላይ የመቐለ አንባቢ ስለ ገዛ ዛፎቹ ቢያስብ መልካም ነው። የአገራችን ጥድ፥ ወይራና ግራር ሥራቸው ጥላ ከሚያወጣ እንጉዳይ ጋር እንዲህ ያለ ትስስር የለውም፤ ስለዚህ በጥንቱ ደን የሚገኘው እንጉዳይ በአብዛኛው ከበሰበሰ ቅጠል፥ ከእንጨትና ከፍግ የሚኖር ነው። ባሕር ዛፍ ግን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ እንግዳ ነው፤ ፓይን የሚባለው የፈረንጅ ዛፍም እንዲሁ። የነዚህ ዛፎች ሥር ከእንጉዳይ ጋር ስለሚተሳሰር በጥላቸው ሥር የሚበቅለው ለአገሩ አዲስ ሊሆን ይችላል። እናቶቻችንና አያቶቻችን ስለ መስኩ እንጉዳይ የነገሩን ሁሉ ቢታመን እንኳ፥ በባሕር ዛፍ ሥር ስላለው የነገሩን የለም። ከኤውሮፓ የመጣ ባለ ሥዕል መጽሐፍም የዚያን አገር እንጂ የትግራይን መስክ አላየም።

የአገሬው ዕውቀት ከንቱ ነው ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው የማጃንግ ሕዝብ የዱር እንጉዳይን እየለየ ይመገባል፤ ኖቡኮ ቱኖ የተባሉት ጃፓናዊት ተመራማሪ በ2001 ዓ.ም. ስለዚሁ ጽፈዋል። ነገር ግን የማጃንግ ሰው ዕውቀት ለማጃንግ ደን ነው። ያንን ይዞ መቐለ ቢመጣ እንደ ሾበርት ወዳጅ ይሆናል።

በሌላው ዓለም ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ማኅበር ነው። በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ከተማ ዉልሆፕ የሚባል የተፈጥሮ ምርመራ ማኅበር ነበረ፤ ከአባሎቹ አንዱ የሆኑት ሐኪሙ ሄንሪ ግሬቭስ ቡል ባነሣሡት አሳብ በ1868 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አባሎቹ በኅብረት እንጉዳይ ፍለጋ ወጡ፤ ልማዱም ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ቀጠለ። በፈረንሳይ በ1884 ዓ.ም.፥ በብሪታንያም በ1896 ዓ.ም. ለእንጉዳይ ጥናት ብቻ የቆሙ የአገር ማኅበሮች ተመሠረቱ። በስዊስ ደግሞ የእንጉዳይ መርማሪዎች ማኅበር በ1925 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ለቃሚው ቅርጫቱን ተፈትኖ ላለፈ መርማሪ ያቀርባል፥ መርማሪውም አንድ በአንድ አይቶ የማይበላውን ያስቀራል። በነዚህ ማኅበሮች ዘንድ የእያንዳንዱ ሰው ግኝት በጠረጴዛ ላይ በግልጥ ይዘረጋል፤ ማንም ሊጠይቅ፥ ማንም ሊቃወም ይችላል፤ ያጠራጠረ ነገር ይጣላል እንጂ በድምፅ ብልጫ አይበላም።

ዕድርና ደቦ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ሥርዐት ከባድ አይደለም። በመቐለም አንድ የባዮሎጂ መምህር፥ አንድ የጤና ባለሙያ፥ መስኩን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌና ጥቂት ተማሪዎች ሆነው በነሐሴ አንድ ጧት ወደ ጨለቆት በሚወስደው መንገድ ወይም ከብት ወደ ተከለከለበት ተራራ ሊወጡ ይችላሉ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ያለውን ግን ያለ ካህናቱ ፈቃድ መንካት አይገባም። እያንዳንዱ እንጉዳይ በቢላዋ ከሥሩ ተቈፍሮ ይወጣል፥ ለየብቻው በወረቀት ይጠቀለላል፤ ቀኑ፥ ቦታው፥ አጠገቡ ያለው ዛፍና እረኞቹ የሚጠሩበት ስም በደብተር ይጻፋል። ከዚያም ሁሉ በሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ይመረመራል። በእጅ መንካት አይመርዝም፤ ሆኖም ወደ አፍ ማስጠጋት ክልክል ነው፥ ከሥራው በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠባል።

አሁን ወደ ብናኙ እንመለስ። ግንዱን ቈርጦ ጥላውን እኩሌታው ነጭ፥ እኩሌታው ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ በሽንሽኑ በኩል ደፍቶ በብርጭቆ ሸፍኖ ማሳደር ነው። በማግሥቱ ብናኙ በወረቀቱ ላይ እንደ ማኅተም ታትሞ ይገኛል። የአማኒታ ነጭ፥ የመስኩ እንጉዳይ ጥቁር ቡናማ ነው። በሞቃት አገሮች በሣር ላይ የሚበቅለውና ክሎሮፊለም ሞሊብዳይትስ የሚባለው ትልቅ ነጭ እንጉዳይ ደግሞ ከሚበላው ወንድሙ በመልክ የማይለይ ሲሆን፥ ብናኙ አረንጓዴ መሆኑ ያጋልጠዋል፤ የበላውም ሰው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ብርቱ ትውከት ይይዘዋል። ተማሪዎች ከዚህ ሥራ የሚያገኙት ደስታ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የብናኙ ቀለም ወገኑን ለመለየት ይረዳል እንጂ ብቻውን የመብላት ፈቃድ አይሰጥም። የሄርፎርድ ሰዎች ዙረታቸውን የሚፈጽሙት በእንጉዳይ ግብዣ ነበር፤ የኛዎቹ ግን የመቐለን እንጉዳይ በዝርዝር የሚያውቅ ባለሙያ እስኪያሠለጥኑ ድረስ ስንቃቸውን ከቤት ይዘው ቢወጡ ይሻላል።

ያልታወቀ እንጉዳይ የበላ ሰው ቢኖር፥ ሕመሙ እስኪጀምር ሳይጠበቅ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወደ ሆነው ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ከዚያው ድስት የበሉትም ሁሉ፥ ደኅና ነን ቢሉም፥ አብረው ይሂዱ። ወተት፥ ዘይት፥ ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት አያስፈልግም። የተበላበትና ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ተጽፎ ለሐኪሙ ይሰጥ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ይረዳዋልና። ተቅማጡ ቢያቆምም ሐኪሙ ሳያሰናብት ከሐኪም ቤት መውጣት አይገባም። ከምግቡ የተረፈው፥ ጥሬውም፥ ልጣጩም፥ ከቆሻሻ የተጣለውም ሳይቀር ተለቅሞ ይወሰድ፤ ሲወሰድም በወረቀት ይጠቅለል እንጂ በላስቲክ ከረጢት አይታሰር፤ በላስቲክ ውስጥ በጥቂት ሰዓት ስለሚበሰብስ መርማሪው ሊለየው አይችልም።