ጎርፉ ከመድረሱ በፊት፦ ለክረምት ወራት የተዘጋጀ ጥናት

ክረምት በወለጋ ምድር የበረከት ወራት ነው። ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ በቆሎውም ቡናውም የሚያድገው በዚሁ ዝናብ ነው። ነገር ግን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው፣ የለመድነው ዝናብ ያልጠረጠርነውን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በአገራችን የደረሱ ሦስት አደጋዎችን እንመረምራለን። ቀጥሎም በጨለለቂና በሌሎች የነቀምቴ ሠፈሮች፣ እንዲሁም በወለጋ ከተሞች ሁሉ ያለ ማኅበር ምን ሊያደርግ እንደሚገባው እናጠናለን።

1. ደረቅ ወንዝ አይታመንም

ደቻቱ በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ስለሚታይበት ሰዎች ይመላለሱበታል፤ በዳርቻውም ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከከተማው በላይ ባለው የሐረርጌ ደጋ የጣለው ከባድ ዝናብ በዚህ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ250 ያላነሱ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ቤቶችም ፈረሱ። እንግዲህ በደጃችን ካፊያ ብቻ ቢሆንም ልባችንን አናሳርፍ። ጎርፉን የሚወስነው በላይኛው አገር የሚጥለው ዝናብ ነውና። ዛፉ የተመነጠረ ተዳፋት ደግሞ ውኃውን ሳያሰርግ ወዲያው ወደ ታች ይለቀዋል።

2. ትልቅ ወንዝም በሜዳ ያገኘውን አይምርም

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ በዳሰነች ምድር ላይ ፈሰሰ። ከ360 በላይ ሰዎችና በሺህ የሚቆጠሩ ከብቶች ሰጠሙ። ትንሽ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ሲሞላ፣ ትልቅ ወንዝ ከሩቅ ገባሮቹ ውኃ እየሰበሰበ ቀስ ብሎ ይሞላል። ስለዚህ ወሬው ከውኃው ሊቀድም ይችላል፤ ነገር ግን ወሬውን የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል። በእኛም አገር የምሥራቅ ወለጋ ደጋ ውኃ ወደ አንገርና ወደ ዴዴሳ ወርዶ በመጨረሻ ዓባይ ይገባል። በደጋ ያለው ማኅበር ዝናቡን አይቶ ዝም ካለ፣ በቆላ ያለው ወንድሙ ሳያውቅ ይያዛል።

3. ለመርዳት የሮጡት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤቶች ተጠራርተው በእጃቸውና በዶማቸው ሲቆፍሩ፣ ሌላ ናዳ በላያቸው ወረደ። ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ነበሩ። ፍቅራቸውን ማንም አይነቅፍም። እኛ ግን ከእነርሱ ሞት እንማር፦ የተናደ ተዳፋት እንደገና ሊናድ ይችላል። ቆፋሪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ሰው ራቅ ብሎ ተራራውን ይጠብቅ፤ አዲስ ስንጥቅ ወይም የሚንከባለል ድንጋይ ሲያይ ይጩኽ። ሌላው ሕዝብ ከሥሩ ይራቅ።

ማኅበሩ ምን ያድርግ?

ሀ. ሰኔ ሳይገባ በሠፈሩ እየተዘዋወራችሁ በወንዝ ዳርና በገደል ሥር የሚኖሩትን መዝግቡ። አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ጨቅላ ሕፃን የያዙ እናቶችን ማን ደግፎ እንደሚያወጣ አስቀድማችሁ ወስኑ።

ለ. የምትሰባሰቡበትን ከፍ ያለ ቦታና የማስጠንቀቂያውን ምልክት ተስማሙ። ስልክ ሊቋረጥ ስለሚችል ደወል ወይም ጡሩምባም ይኑር። ጎርፍ በሌሊትም ስለሚመጣ መንገዱን በጨለማ ሞክሩት።

ሐ. የሞላ ወንዝ አትሻገሩ። ቁርጭምጭሚት ያለፈ ፈጣን ውኃ ሰውን ሊጥል ይችላል፤ ጉልበት የሚያህለውም መኪና ይወስዳል። የፕሮጀክት ሠራተኛ የእርዳታ እህል ጭኖ ቢሆንም እንኳ ውኃው እስኪጎድል ይጠብቅ። አንድ ቀን የዘገየ እህል ይደርሳል።

መ. ቦዮችን ከደለልና ከቆሻሻ አጽዱ። ከምንጭና ከጉድጓድ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቆፍሩ። መጸዳጃ ቤት ከውኃው በላይ በኩል አይሠራ።

ሠ. ጎርፉ ካለፈ በኋላ የጉድጓድ ውኃ ሳታፈሉ አትጠጡ። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ውኃው በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በሠፈራችን በበጋ የሚደርቅ፣ በክረምት ግን የሚያስፈራ ወንዝ የትኛው ነው? በዳሩ እነማን ይኖራሉ?
2. ከእኛ በላይ ባለው አገር ከባድ ዝናብ ሲጥል የሚነግረን ማን ነው? እኛስ ለማን እንነግራለን?
3. ዛሬ ሌሊት ደወሉ ቢደወል፣ አጠገባችን ያሉትን እናት ወይም አባት ማን ይዞ ይወጣል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ስም ጠርታችሁ ሳትመልሱ ጥናቱን አትዝጉ። «ሁላችንም እንረዳቸዋለን» የተባለላቸው ሽማግሌ፣ በዚያች ሌሊት ብቻቸውን ሊቀሩ ይችላሉና።