የግቢ ድንጋይና የዝናም ውኃ

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብኩት የግቢን ምድር በድንጋይና በጠጠር ማንጠፍ ምን ጥቅም እንዳለው፥ ሥራውም እንዴት እንደሚፈጸም ነው። ነገሩ ግንበኛን ብቻ የሚመለከት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በርበሬ የሚሰጣው፥ ልጅ የሚጫወተው፥ ለሰርግና ለሐዘን ድንኳን የሚተከለው በግቢ ነውና ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ያልተነጠፈ ግቢ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ይሆናል። መጥረግ፥ ውኃ መርጨት፥ ሰርዶ መንቀል፥ በረንዳ ማጠብ የዘወትር ሥራ ነው። ይህም ሥራ በብዙ ቤት የሚወድቀው በእናቶችና በሴቶች ልጆች ላይ ነው። እንግዲህ ድካም የሚቀንስ ግቢ ያለን እንደ ሆነ ለጥናት የሚተርፍ ጊዜም እናገኛለን ማለት ነው።

የድንጋይ ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በኮንሶ ሕዝቡ ከ400 ዓመት በላይ ተዳፋቱን በእርከን ሲያርስ ኖሯል። ከካቦቹ አንዳንዶቹ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አላቸው። ካቡ ያለ ሲሚንቶ ስለሚደረደር ውኃው በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ ይወጣል፤ አፈሩ ግን ይቀራል። ዩኔስኮም የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የኮብልስቶን ሥራም በ1990ዎቹ ማብቂያ በድሬዳዋ ተጀምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፍቷል። ለብዙ ወጣቶችም እንጀራ ሆኗል።

አንዳንድ ሰዎች ግን ድካምን ፈጽሞ ለማስወገድ ሲሉ ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ይደፍኑታል። የዚህን ውጤት በሒሳብ እንመልከተው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ግቢ ላይ 20 ሚሊ ሜትር የወረደ እንደ ሆነ 2,000 ሊትር፥ ማለት 100 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ይጠራቀማል። አፈር ቢያገኝ ከፊሉን በጠጣው ነበር። ሲሚንቶ ላይ የወደቀው ግን በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ መንገድ ይፈሳል። በአንድ ሰፈር 50 እንዲህ ያሉ ግቢዎች ቢኖሩ 5,000 ጀሪካን ውኃ በአንድ ጊዜ ወደ ቦይ ይገባል።

ይህ ነገር በማንኛውም ከተማ ያስቸግራል፤ በሐዋሳ ግን ይብሳል። ሐይቃችን በምድር ላይ የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ደለልና ቆሻሻ እዚያው ይቀመጣል። ከከተማችን በስተ ምሥራቅ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ መሆኑ ትልቅ ትምህርት ነው። ስለዚህ ግቢያችንን ስናነጥፍ ምድሩ ውኃ እንዲጠጣ መተው ይገባናል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በመጀመሪያ መሄጃውና መቀመጫው ብቻ ይለካል፤ በችካልና በሲባጎም ይወጠራል። ለምሳሌ 2 ሜትር ስፋትና 6 ሜትር ርዝመት ያለው መንገድ 12 ካሬ ሜትር ነው። የያንዳንዱ ድንጋይ ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 1,200 ያህል ድንጋይ ይፈልጋል።

ቀጥሎ አፈሩ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይወጣል። ከሥር 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ተደልድሎ በደንብ ይጠቀጠቃል፤ በላዩም 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ይነጠፋል። መኪና የሚገባበት ከሆነ የጠጠሩ ውፍረት መጨመር አለበት። የጠርዙ ድንጋይ አስቀድሞ ይተከላል፤ አለዚያ መካከሉ እየተንሸራተተ ይበተናል። ውኃው ከቤቱ መሠረት እንዲርቅ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይሰጠዋል። በመጨረሻም በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በአሸዋ ይሞላል እንጂ በሲሚንቶ አይደፈንም።

ከንጣፉ የተረፈው ውኃ ዝቅ ወዳለው ጥግ ይመራ። እዚያም እንሰት፥ ፓፓያ ወይም አቮካዶ ቢተከል ከጣሪያ የሚወርደውም ውኃ ለተክሉ ይሆናል። በተክሉ ዙሪያ ጠጠር ማልበስ ደግሞ አረምን ይቀንሳል፤ የአፈሩንም እርጥበት ይጠብቃል። ጠጠሩ ግን ግንዱን እንዳይነካ ጥቂት ራቅ ይበል።

ድካሙ ይቀንሳል አልኩ እንጂ ፈጽሞ ይጠፋል አላልኩም። የኮንሶ ገበሬ እንኳ ካቡን በየጊዜው ይጠግናል። በእኛም ግቢ ክረምት ሲወጣ የሰመጠውን ድንጋይ አንሥቶ ከሥሩ አሸዋ መጨመር፥ በክፍተቱ የበቀለውን ሰርዶ ሥር ሳይሰድ መንቀል ያስፈልጋል። ሲሚንቶ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ መፈንከት ይጠይቃል፤ ይህን ግን የቤት ልጅ በመዶሻ ያቃናዋል።

እንግዲህ ወላጆቻችን ግቢ ለማስነጠፍ ሲያስቡ የድንጋዩን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የዝናሙንም መንገድ እንዲያስቡ አሳስባለሁ። እኛም ተማሪዎች በትምህርት ቤት የተማርነውን ስፋትና ይዘት ሜትርና ሲባጎ ይዘን በገዛ ግቢያችን ብንለካበት ለቤታችን ዕረፍት፥ ለሐይቃችንም ጥበቃ ይሆናል።