ሌባን የሚያግድ፥ ልጅን የማያግት በር



አንድ ትምህርት ቤት ሲሠራ አስቀድሞ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ ንብረቱ እንዳይሰረቅ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ግቢው ይታጠራል፤ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ይታሰራል፤ በሩ በጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ዘበኛም ይቀጠራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። በወላጆችና በምእመናን መዋጮ የተገኘ መጽሐፍና የቤተ ሙከራ ዕቃ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላልና። ነገር ግን ሌባን ከውጭ የሚያግደው በር፥ አደጋ በደረሰ ጊዜ ተማሪውንና መምህሩን ከውስጥ ቢያግትስ? ንብረትን መጠበቅና ሰውን ማዳን ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። አንዱን ስንፈጽም ሌላውን እንዳናፈርስ ምን ማድረግ እንደሚገባን በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካለፈው የምንማረው

ዲሴምበር 1 ቀን 1958 በአሜሪካ፥ በቺካጎ ከተማ፥ በመላእክት እመቤት ስም በተሰየመው የካቶሊክ ትምህርት ቤት፥ የዕለቱ ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው እሳት ተነሣ። እሳቱ የጀመረው ከመሬት በታች ካለው ክፍል፥ ከደረጃው ግርጌ ነበር። በታችኛው ፎቅ ደረጃውን ከመተላለፊያው የሚለየው በር ተዘግቶ ስለ ነበር እሳቱ ወደዚያ አልዘለቀም። በላይኛው ፎቅ ግን እንዲህ ያለ በር አልነበረም። ጢሱና ወላፈኑ በደረጃው በኩል እንደ ጭስ ማውጫ ሽቅብ ወጥቶ መተላለፊያውን ሞላው። መምህራንና ተማሪዎች ከየክፍላቸው መውጣት አልቻሉም፤ ብዙዎችም ከመስኮት ዘለሉ። 92 ሕፃናትና 3 ደናግል መምህራን ሕይወታቸውን አጡ።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን፥ ይህ ሕንጻ ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት በፊት በእሳት አደጋ መርማሪዎች ታይቶ ያለፈ መሆኑን ነው። ከተማው በ1949 ያወጣው ደንብ ቀድመው የተሠሩትን ሕንጻዎች አያስገድድም ነበር። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ውኃ የሚረጭ መሣሪያ ባይኖረውም፥ ደወሉም ከእሳት አደጋ ጣቢያ ጋር ባይገናኝም፥ ደንብ አልጣሰም። «ደንብ አልተጣሰም» ማለትና «ልጆቹ ደኅና ናቸው» ማለት አንድ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በጎረቤታችን በኬንያ የደረሰው ደግሞ ከእኛ ኑሮ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። በ1998 በቦምቦሉሉ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በመኝታ ቤት ውስጥ በተነሣ እሳት 26 ተማሪዎች ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በማርች 2001፥ በማቻኮስ አካባቢ በሚገኘው በኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆን ተብሎ በቤንዚን በተለኮሰ እሳት 67 ወንዶች ልጆች በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ተያዙ፤ አለቁም። በሁለቱም ስፍራ ከበሮቹ አንዱ ተቆልፎ፥ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ተገኙ። ብረቱን ያስገባው ሰው ለተማሪዎቹ ክፉ አላሰበም። ያሰበው ስለ ሌባ ብቻ ነበር።

የኬንያ መንግሥት በ2008 ባወጣው የትምህርት ቤቶች ደኅንነት መመሪያ የመኝታ ቤት በሮች ወደ ውጭ የሚከፈቱ እንዲሆኑ፥ ተማሪዎች በውስጥ ሳሉ ከውጭ እንዳይቆለፉ፥ መስኮቶቹም ያለ ፍርግርግ እንዲሠሩ አዘዘ። ይሁን እንጂ መመሪያ በወረቀት ላይ ብቻውን ሰው አያድንም። በሴፕቴምበር 2024 በኒዬሪ አካባቢ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት በተነሣ እሳት 21 ልጆች ሞተዋል።

ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላልን?

«በሩን ከፍተን ብንተው ንብረቱን ማን ይጠብቃል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። በ1883 በእንግሊዝ አገር፥ በሰንደርላንድ ከተማ፥ ቪክቶሪያ ሆል በተባለው አዳራሽ ለሕፃናት ትርኢት ታይቶ ነበር። በመጨረሻው ስጦታ ሲታደል በላይኛው ሰገነት የነበሩት ልጆች በደረጃው ወደ ታች ተሽቀዳደሙ። ከደረጃው ግርጌ የነበረው በር ግን አንድ ልጅ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍተት በመቀርቀሪያ ተይዞ ነበር። 183 ሕፃናት እርስ በርስ ተጨፍልቀው ሞቱ። ከዚህ አደጋ በኋላ ሮበርት ብሪግስ የተባለ እንግሊዛዊ አዲስ ዓይነት መቀርቀሪያ ሠራ። በሩ ከውጭ እንደ ተቆለፈ ሲቆይ፥ ከውስጥ ግን በላዩ የተጋደመውን ዘንግ በመግፋት ብቻ ይከፈታል። ዛሬ በብዙ አገር በትምህርት ቤቶችና በአዳራሾች በሮች ላይ የሚታየው ዘንግ ከዚህ የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ በር ለሌባ የተዘጋ፥ ለልጅ ግን የተከፈተ ሊሆን ይችላል።

በትምህርት ቤቶቻችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ የክፍልና የመኝታ ቤት በር ወደ ውጭ የሚከፈት፥ ከውስጥም ያለ ቁልፍ የሚከፈት ይሁን። ባለ ዘንጉን መቀርቀሪያ መግዛት ባንችል፥ ትንሹ ልጅ የሚደርስበት ቀላል መወርወሪያ ይበቃል። ሰው በውስጥ እያለ ጓጉንቸር ከውጭ አይንጠልጠል።

ሁለተኛ፥ ፍርግርጉ የግድ ካስፈለገ፥ በእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንዱ በማጠፊያ ተሠርቶ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ይህ በሰፈራችን ያለ ብረት ሠራተኛ የሚሠራው ነው።

ሦስተኛ፥ ደረጃና መተላለፊያ የተሰባበረ ወንበር ማከማቻ አይሁን። ሕንጻው ፎቅ ከሆነ ሕፃናትና አካል ጉዳተኞች ከታች ይማሩ።

አራተኛ፥ ማእድ ቤት ከመማሪያ ክፍል ይራቅ። በ2004 በሕንድ አገር በኩምባኮናም ከተማ 94 ሕፃናትን የፈጀው እሳት የተነሣው ምሳ ከሚበስልበት፥ ጣሪያው በቅጠል ከተከደነ ማእድ ቤት ነበር። ተማሪዎችን የሚመግብ ትምህርት ቤት ሁሉ ይህን ያስብ።

አምስተኛ፥ ዘበኛው የግቢውን ቁልፍ ዘወትር ከእጁ አይለይ፤ ሁለተኛውም በርእሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። ማን እንደ ገባና እንደ ወጣ፥ ሕፃኑንም ማን እንደ ወሰደው በመዝገብ ይያዝ። ከሁሉ በላይ ግን ዘበኛውን እናስተምረው። ሌባ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ ይነገረዋል፤ እሳት ቢነሣ ምን እንደሚያደርግ ግን ብዙ ጊዜ የሚነግረው የለም።

ስድስተኛ፥ በየመንፈቀ ዓመቱ ልምምድ ይደረግ። ለአደጋ የሚደወለው ደወል ከዕረፍቱ ደወል የተለየ ይሁን፤ መሰብሰቢያው ስፍራ ይታወቅ፤ መምህሩም የስም መጥሪያውን ይዞ ወጥቶ ልጆቹን ይቁጠር።

አንድ ከባድ ነገር ይቀራል። የአዳሪ ትምህርት ቤት ኃላፊዎች በር የሚቆልፉት ስለ ሌባ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎች ሌሊት ሾልከው እንዳይወጡ ነው። ወላጅም ልጁን አደራ ብሎ ሰጥቷልና ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። ሆኖም አደራን የሚጠብቅ ሰው እንጂ ጓጉንቸር አይደለም። በመኝታ ቤቱ አጠገብ የሚያድርና በየተራ የሚነቃ አዋቂ ሰው ይመደብ። ሾልኮ የወጣን ልጅ ነገ ልንቀጣውና ልንመክረው እንችላለን፤ በተቆለፈ በር ኋላ ለቀረው ግን ነገ የለውም።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦሪት ዘዳግም 22፥8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ማንም ከላይ ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት፥ በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ቤት የሚሠራ ሰው በቤቱ ውስጥ ስለሚኖረው ሰው ሕይወት ይጠየቃል ማለት ነው። ትምህርት ቤት የምንሠራና የምናስተዳድርም እንዲሁ።

ከዘረዘርነው ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። መተላለፊያን ማጽዳት፥ ቁልፍን ከታወቀ ሰው እጅ ማኖር፥ ልጆችን ማለማመድ ፈቃደኝነትን ብቻ ይጠይቃል። ገንዘብ ለሚያስፈልገው ደግሞ፥ የሚቀጥለው መዋጮ አዲስ አጥር ከመሥራቱ በፊት አሮጌውን በር ያስተካክል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በትምህርት ቤታችን ሰው በውስጥ እያለ ከውጭ የሚቆለፍ በር አለን? ቁልፉስ በማን እጅ ነው?

2. ዋናው መውጫ በእሳት ቢዘጋ ከእያንዳንዱ ክፍል በየት በኩል መውጣት ይቻላል?

3. ዘበኛውና ምግብ አብሳይዋ በአደጋ ጊዜ የሚያደርጉት ተነግሯቸዋል?

4. የወላጅና መምህራን ኅብረት በዚህ ዓመት ሊያስተካክለው የሚችለው የመጀመሪያው በር የትኛው ነው?